የእትዬ ዘነበች ጉልበት በአሰብ

ሰው ቤት ለመሸጥ፣ ክስ ለመከራከር ወይም ጡረታ ለመቀበል ሌላ ሰው ሲወክል አይታችሁ ይሆናል። ጉልበቱን የወከለ ሰው ግን አላያችሁም። እንግዲያው ከእትዬ ዘነበች ጋር ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ዘነበች ኮተቤ ከእኛ ቤት ጀርባ፣ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ፣ ጥቂት ላሞችና አንድ ልጅ ያሏቸው ባልቴት ነበሩ። ላሞቹ ጓሯቸው ናቸው። ልጃቸው ታደሰ ግን አሰብ ወደብ የክሬን ሠራተኛ ሆኖ ከሄደ ሰንብቷል።

ታደሰ ሊያገባ ነው የሚለው ወሬ ኮተቤ የደረሰው በከባድ መኪና ሹፌሮች አፍ ነው። በዚያ በደርግ ዘመን በአሰብና በአዲስ አበባ መካከል ያለውን ወሬ የሚያመላልሱት እነሱ ነበሩ። ጭነቱ መንገድ ላይ ሊጎድል ይችላል፤ ወሬው ግን ጨምሮ እንጂ ጎድሎ አያውቅም። መርከቦች ወደቡ ላይ ወረፋ ይዘው ስለቆሙ ታደሰ ለሠርጉ ወደ አገሩ መምጫ ፈቃድ አላገኘም፤ ስለዚህ እሑድ እዚያው አሰብ፣ ሙሽሪት ቤት ይዳራል አሉን። ለሁሉም ነገር ዘመቻ የነበረው መንግሥት ለሠርግ ብቻ ጊዜ አልነበረውም። ይህስ ይሁን። የባሰው ሹፌሮቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጨመሩት ነው። የሙሽሪት እናት ወይዘሮ የሺ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «ለመሆኑ ይሄ ልጅ ሰው አለው?» ብለው ጠይቀዋል።

ይህች ጥያቄ እትዬ ዘነበችን አልጋ ላይ ጣለቻቸው። እንደምታውቁት ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ፤ ወላጆቹም ተቀምጠው ይመርቃሉ። የሙሽሪት እናት በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ የሙሽራው አባት ከሞቱ ቆይተዋልና በሌላው ወንበር መቀመጥ ያለባቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸው አብጦ የካ ሚካኤል ለመድረስ እንኳ መንገድ ላይ ሦስት አራት ቦታ የሚያርፉ ሴት ናቸው። አዋሽን ወርዶ፣ በረሃውን አቋርጦ አሰብ መግባት ለእሳቸው ከሰማይ መንገድ ይርቃል። ስለዚህ ያ ወንበር ባዶውን ሊቀር ነው። ባዶ ወንበር ደግሞ ለወይዘሮ የሺ ጥያቄ «የለውም» ብሎ የሚመልስ ምላሽ ነው።

እኔ በዚያው ሳምንት መሥሪያ ቤቴ ከመርከብ የወረዱ የጽሕፈት መኪናዎች ተረክበህ ና ብሎ ወደ አሰብ ሊልከኝ ነበር። ባሕር ላይ ልወርድ ነው፣ ወደብ ልሄድ ነው እያልኩ ከኮተቤ እስከ ጉርድ ሾላ ያላወራሁለት ሰው አልነበረም፤ አንዳንዱ ጣሊያን አገር የምሄድ መስሎት ሸኘኝ። እትዬ ዘነበችም ሰምተው ኖሮ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ደጃፌ ላይ ተቀምጠው እግሬን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ልጄ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እንግዲያው አውሰኝ።»

ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ሳቄን ዋጥኩት። በእሳቸው ቦታ ወንበሩ ላይ እንድቀመጥ፣ ልጃቸውና ሚስቱ ጉልበቴን እንዲስሙ፣ እኔም እንደ እሳቸው ሆኜ እንድመርቅ ነው የሚፈልጉት። ከዚያ ከነጠላቸው ሥር የዱቄት ወተት ጣሳ አወጡ። ውስጡ ከገዛ ላሞቻቸው የወጣ ለጋ ቅቤ ነው፤ አፉ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ክዳኑ ተጭኖበታል። ሲስሙህ ከአናታቸው ጣል ታደርግልኛለህ፣ እኔ ብሆን የማደርገው ይህንን ነው አሉኝ። ደግሞም አስጠነቀቁኝ፤ የእናት እንደራሴ ነህና በሸሚዝ እንዳትታይ፣ ሙሉ ልብስህን ከነክራቫትህ ልበስ አሉ። ሙሉ ልብሴ በኮተቤ ሐምሌ ተፈትኖ ያለፈ ወፍራም የሱፍ ልብስ ነው። «እሺ» አልኳቸው። ሰው ገና ሳያየው ለአገር አየር እሺ ማለት የለበትም፤ ይህንን ያወቅኩት ኋላ ነው።

እሑድ ጠዋት አሰብ ገባን። ያመጣኝ ሹፌር አበራ የሚባል፣ ያንን መንገድ ሲመላለስ ግማሽ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። መኪናውን ወደቡ በር አጠገብ አቆመና እኔ እዚህ ጥላ ሥር እተኛለሁ፣ አንተም ተኛ፣ ፀሐይዋ ስታዘነብል ሠርግ ቤቱ ድረስ እወስድሃለሁ አለኝ። እዚህ አገር ሠርግ የሚወጣው አመሻሽ ላይ ነው ሲልም ጨመረ። እኔ ይህንን የእንቅልፋም ሰው ወሬ አድርጌ ወሰድኩት። በእኛ አገር ሠርግ ማለት ምሳ ነው። ምሳ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ከኮተቤ ተነስቼ በየካ ተራራ አድርጌ እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግሬ የምሄድ ሰው መሆኔን፣ አንዲት ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ እንደማታሸንፈኝ ነገርኩት። አበራ ካርታ መሰል ነገር በአየር ላይ በጣቱ ሳለልኝና ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተኛ። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ያለ ይመስለኛል፤ ባይልም ማለት ነበረበት።

መጀመሪያ ባሕሩን አየሁት። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ዓባይንም ሳላይ የኮተቤን ወንዝ ሳመሰግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሁለት መጋዘኖች መካከል ብቅ ስል ሰማዩ መሬት ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። መርከቦቹ ቆመዋል፣ ወፎቹ ይጮኻሉ፣ ፀሐይዋ ውሃው ላይ ትንቦገቦጋለች። እንዲያው ደስ አለኝ፤ ደስታዬ የት እንደሚገባ ጠፋኝ። ቅቤዬን ታቅፌ፣ ክራቫቴን አስተካክዬ፣ ማንም ሳያየኝ ለባሕሩ እጅ ነሳሁ። ከዚያ ከተማዋን ልይ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ጉዞ ጀመርኩ። በረንዳዎቹ፣ ከእንጨት የተሠሩት መስኮቶች፣ ከየሱቁ የሚወጣው የቅመምና የዓሣ ሽታ፣ ሽርጥ ያገለደሙት ሰዎች፣ ሁሉም አስደነቀኝ። የመሬቱ ጌታ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ።

ችግሩ የተጀመረው መንገድ ስጠይቅ ነው። እንግዲህ እኛ የእንጦጦ ግርጌ ሰዎች በዓለም ላይ የምናውቀው አቅጣጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች። ቤታችሁ የት ነው ብትሉን፣ ከወፍጮ ቤቱ ወደ ላይ፣ ከድልድዩ ወደ ታች እንላለን። ከጠፋን ቀና ብለን ተራራውን እናያለን፤ ተራራው ያለበት ላይ ነው፣ ውሃው የሚሄድበት ታች ነው፣ አለቀ። ሰሜንና ደቡብ የትምህርት ቤት ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ሱቅ ገባሁና ባንኮኒው ጀርባ የተጋደሙትን ሽማግሌ ዓረብ ባለሱቅ የእነ ወይዘሮ የሺ ቤት ወደ ላይ ነው ወደ ታች ብዬ ጠየቅኳቸው። ሰውየው ማራገቢያቸውን አቆሙ። በመስኮት ወደ ውጭ አዩ፤ መንገዱ እንደ ምጣድ ደልዳላ ነው። ከዚያ በተሰባበረ ግን በሚገባ አማርኛ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ አሰብ ላይ የሚባል የለም። ላይ ያለችው ፀሐይ ብቻ ናት። ወደሷ ልትሄድ ነው?»

ከዚያ ባሕር፣ በረሃ፣ ቀኝ፣ ግራ እያሉ ሊያስረዱኝ ሞከሩ። እኔ ግን ከቃላቸው ይልቅ ወደ ላይ የሚል ቃል እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነበርና አንዱንም አልያዝኩም። አመስግኜ ወጣሁ። ሰው ሲጠፋው ይጠይቃል፤ ሞኝ ሲጠፋው ጠይቆም ይጠፋል።

ስወጣ መንገዱ ላይ አንድም ሰው የለም። ቅድም የነበሩት ሁሉ መሬት የዋጣቸው ይመስል ጠፍተዋል፤ ሱቆቹ ተራ በተራ ይዘጋሉ፣ መስኮቶቹ ይከደናሉ። አሁን ፍረዱኝ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ያደገ ሰው መንገድ ባዶ ሲሆን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰዓት እላፊ በቀን ታወጀ ብዬ ደነገጥኩ። ሬዲዮ አልሰማሁ፣ ስብሰባ አልገባሁ። ወዲያው የቀበሌዬን የይለፍ ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ በአንድ እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩ፣ በሌላው ቅቤዬን አቀፍኩ፣ ግድግዳ እየታከክሁ እንደ ሌባ መሄድ ጀመርኩ። አንድ ግቢ ውስጥ በሰሌን ጥላ ሥር አልጋ ላይ የተኛች ሴት አየችኝና ሰዉ ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ ሲተኛ ይሄ ልብሱን ሁሉ ደርቦ የሚዞር ምን ሆኖ ነው ብላ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ሳይነሳ፣ ደገኛ ነው አላት። ነገሩ በዚያ ቃል አለቀ፤ ተመልሰው ተኙ። የገዛ ብልጠቴ አሳፈረኝና ወረቀቴን ኪሴ ከተትኩ።

ልብሱንማ ላወልቀው ነበር። ግን ቃል ገብቻለሁ፤ ደግሞስ ሠርግ ቤቱ ከሚቀጥለው ማዕዘን ዞር ስል ብቅ ቢልስ? የእናት እንደራሴ ኮቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ሊደርስ ነው? ስለዚህ ቁልፎቼን ሁሉ ቆልፌ ቀጠልኩ። ላቡ ከአናቴ ተነስቶ ጫማዬ ውስጥ ይጠራቀማል። ጣሳው ውስጥ ያለው ቅቤ ደግሞ ድምፅ ማውጣት ጀመረ። ሲያወዛውዙት ድም የሚል የነበረው አሁን እንደ ውሃ ቧለቅ ቧለቅ ይላል።

በዚህ መካከል ከሩቅ ተራራ አየሁ። እውነቴን ነው፤ ከቤቶቹ ማዶ ነጭ ተራራ ጉብ ብሏል። እንጦጦዬን አገኘሁ ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ። ጫፉ ላይ ወጥቼ ከተማዋን ቁልቁል አይቼ ድንኳን የተተከለበትን ቤት እለያለሁ፤ ኮተቤም ሠርግ ቤት የምናገኘው እንዲሁ ነው። ረጅም መንገድ ሄጄ ደረስኩና ልወጣ አንድ እግሬን ሳነሳ ተራራው ከሥሬ ተንሸራተተ። ጨው ነው። የጨው ክምር። እጄን ነክሬ ቀመስኩት፣ ንጹሕ የወጥ ጨው።

«ቁም!» አለ ከበስተኋላዬ አንድ ድምፅ። «ጓድ፣ የመንግሥት ጨው ላይ ምን ትሠራለህ?»

ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ነው። መንገድ ጠፍቶኝ ከተማ ለማየት ብዬ ነው የሚለው መልሴ ራሴንም አላሳመነኝም። በቀትር፣ በሱፍ ልብስ፣ ጣሳ ታቅፎ የጨው ክምር የሚወጣ ሰው ባይ እኔም አስረው ነበር። ጣሳውን ክፈት አለኝ። ከፈትኩ። የኮባ ቅጠሉን ገለጥ ሳደርገው የለጋ ቅቤ ሽታ ወጣ፤ የሰውየው ፊት ወዲያው ተለወጠ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ወደ ጣሳው ጎንበስ አለና ዝም ብሎ አሸተተ። የፍቼ ልጅ ነው። እዚያ በረሃ ከመጣ ወዲህ የደጋ ቅቤ አይቶ አያውቅም። የሠርጉን ነገር፣ የእትዬ ዘነበችን ጉልበት፣ ሁሉን ነገርኩት። እሱም የወይዘሮ የሺን ቤት እንደሚያውቀው፣ እኔ ግን ተቃራኒውን ስጓዝ እንደዋልኩ፣ ባሕሩን በግራዬ ይዤ ብመለስ እንደማገኘው ነገረኝ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ አናቱን አዘነበለልኝ። «አንድ ጣት ብቻ» አለኝ። ለጠመንጃ ያዥ ቅቤ አይከለከልም፤ አደረግኩለት። ጥላ ሥር የተኙ ጓደኞቹን ቀሰቀሰ። ሁሉም የደጋ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም አናታቸውን አዘነበሉ። አንዱማ ቅቤው ግንባሩ ላይ ሲወርድ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። እናቱን ያሰበ መሰለኝ፤ አልጠየቅኩትም።

መርቀው ሸኙኝ። ጣሳው ግን በግማሽ ጎድሏል፤ የቀረውም ዘይት ሆኗል። ባሕሩ ዳር ስደርስ የኮተቤ ዕውቀት ትዝ አለኝ። እኛ ዘንድ ቅቤ ሲቀልጥ ጣሳውን ወንዝ ውስጥ ይነክሩታል፤ የእንጦጦ ውሃ ወዲያው ያረጋዋል። እኔም ሱሪዬን ሳልሰበስብ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ እስከ ቅልጥሜ ባሕር ገባሁና ጣሳዬን ነከርኩ። ባሕሩ ለብ ያለ ነው። ለእግር መታጠቢያ ተለክቶ የሞቀ ያህል። ቅቤው እንኳን ሊረጋ፣ ክዳኑን ገፍቶ ሊወጣ ሆነ። የኮተቤን ወንዝ ያመሰገንኩት ሁሉ ልክ ነበር፤ እዚያው ባሕር ውስጥ ቆሜ ደግሜ አመሰገንኩት።

ወጣሁና አንድ የተገለበጠ ጀልባ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ክዳኑን ላጠብቅ ብዬ ጣሳውን በሁለት ጉልበቶቼ መካከል ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ፣ በቡጢ መታሁት። ቅቤ የቀባው ጣሳ ደግሞ እንደ ሳሙና ነው። ከጉልበቶቼ መሐል ተፈናጥሮ ወጣ፣ ክዳኑ ሄደ፣ ቅቤው በሙሉ ሁለቱ ጉልበቶቼ ላይ ተደፋ። አንዱንም ሳያዳላ እኩል አካፈላቸው። የሱፍ ልብስ ደግሞ የሰጡትን ሁሉ ይጠጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

እዚያ ላይ ሳቄ አለቀ። እትዬ ዘነበች ያንን ቅቤ ሲንጡ ጉልበታቸው እያመማቸው እንደነበር አውቃለሁ። የኮተቤ ሰው ሁሉ ደርሶ ይሆን እያለ እየጠበቀ ነው። ታደሰም ምናልባት አሁን ያንን ባዶ ወንበር እያየ ይሆናል። እኔ ግን ባዶ ጣሳ ይዤ ጀልባ ሥር ተቀምጫለሁ። ልነሳ አሰብኩ፤ ሙቀቱ ግን ከላይ ተጫነኝ። ለትንሽ ዓይኔን ልክደን አልኩ። ይህን ያለ ሰው መቼ እንደሚነቃ ታውቃላችሁ።

የቀሰቀሰኝ ጉልበቴን የሚልስ ነገር ነው። ዓይኔን ስገልጥ የወደብ ድመቶች ከበውኛል። ዓሣ ሲበሉ ያደጉ ድመቶች የደጋ ቅቤ ቀምሰው አያውቁም ኖሮ ጉድ ብለው ተሰብስበዋል። ፀሐይዋ ወደ በረሃው ወርዳ ልትጠልቅ ደርሳለች። ከተማዋ ነቅታ በየበሩ ወንበር ወጥቷል፣ ሳቅ ይሰማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሩቅ እልልታ ይመጣል። እግዚአብሔር ይስጠው፣ አበራ እውነቱን ነበር፤ ሠርጉ ገና አሁን መውጣቱ ነው። ላይም ታችም ሳልል እልልታውን ተከትዬ ሮጥኩ። ድመቶቹም ተከተሉኝ። የኮተቤ አጃቢ ይህን ይመስል ነበር፤ ከፊት እኔ፣ ከኋላ ድመቶቹ።

ድንኳኑ ጋ ስደርስ እልልታው ቆሟል። በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ አየሁ። ሁለት ወንበር ተቀምጧል። በአንዱ ላይ ወይዘሮ የሺ አሉ፤ ጥቁር፣ ወፈር ያሉ፣ በወርቅ የተሞሉ ሴት ናቸው። ሙሽሮቹ የእሳቸውን ጉልበት ስመው ተነስተዋል። ሌላው ወንበር ላይ ነጠላ ተነጥፎ ባዶውን አለ። ታደሰ በጥቁር ሱፍ ልብስ መሐል ቆሟል፤ መሬት መሬት ያያል። ኮተቤ ሳለ ኳስ ሲጫወት ግብ ከተቆጠረበት እንዲሁ ነበር የሚያየው። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠራርገው ከሙሽራው ወገን ማን አለ ብለው ጠየቁ። ደግመው ጠየቁ።

«አለሁ!» አልኩ። ድምፄ የደረቀ ቆዳ ሲቀደድ የሚያሰማውን መሰለ።

ሰው ሁሉ ዞረ። መንገድ ሰጡኝ። ከቅልጥሜ በታች ሱሪዬ ጨው ሠርቶ ነጭ ሆኗል፣ ጉልበቶቼ በቅቤ ያብረቀርቃሉ፣ ክራቫቴ ግን ቀጥ እንዳለች ነች። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው የሙሽራው ምኑ ነህ አሉኝ። ጎረቤት ነኝ ልል ነበር፤ ጎረቤት መሆን ለዚያ ወንበር አነሰብኝ።

«የእናቱ ጉልበት ነኝ» አልኳቸው።

ሕዝቡ ሳቀ። ታደሰ ግን አልሳቀም፤ አወቀኝ። እኔም ሄጄ ወንበሩ ላይ እንደ እናት ተቀመጥኩ፣ ጉልበቶቼን ገጠምኩ። ታደሰ ወረደና ቀኝ ጉልበቴን ሳመ። መሳም ማለት ነክቶ መነሳት ነው። እሱ ግን አልተነሳም። ግንባሩን ጉልበቴ ላይ አሳርፎ ቆየ። ሚዜዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌው ሊያነሱት እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ብቻ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በጉልበቴ ይሰማኝ ነበር።

«የእማዬ ቅቤ ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለጉልበቴ።

ከዚያ ግራውን ሳመ። ሙሽሪትም ወረደች፣ እሷም ሳመች፤ ሁለቱም ቀና ሲሉ ግንባራቸው በቅቤ ያበራ ነበር። አንዴ ከቀባሁ አይቀር ብዬ የቀረውን በመዳፌ ከሱሪዬ ጠርጌ በአናታቸው አደረግኩላቸው። ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ፣ እናትህ ጤነኛ ናት፣ ወደዚህ ያልመጣው እግሯ ነው እንጂ ልቧ እዚሁ ነው አልኩ። ይህን ስል እኔም አለቀስኩ። እንደራሴ ያለቅሳል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ የተወከልኩት ለሁሉም ነገር ነው።

ወይዘሮ የሺ ከወንበራቸው ተነሱ። አጠገቤ መጥተው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ጨውን፣ ቅቤውን፣ በድንኳኑ በር ቁጭ ያሉትን ድመቶች። እንግዲህ ጉዴ ፈላ አልኩ። እሳቸው ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ለእኔም አድርግልኝ አሉ። ጣቴን ከጉልበቴ ጫፍ ነክሬ አናታቸውን ቀባኋቸው። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው ጮክ ብለው «ሰው አለው!» አሉ። እልልታው ተነሳ። እኔ በዚያ ዕለት ማታ በአሰብ ከተማ ከሙሽራው ቀጥሎ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። የጽሕፈት መኪናዎቹን እንኳ ማግስቱን የተረከብኩት በሠርግ ልብሴ፣ በኩራት ነው።

ኮተቤ ስመለስ እትዬ ዘነበች ደጃቸው ላይ ወንበር አውጥተው እየጠበቁ አገኘኋቸው። ስለ ቅቤው ምን ልበል ብዬ መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ የመጣሁትን ወሬ አልጠየቁኝም። ስለ ባሕሩም አልጠየቁም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ሳመ?»

«ስሟል።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም። ቀኙን ስሞ አልነሳም ብሎ ነበር።»

ምርኩዛቸውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ ያንን ያበጠ ጉልበታቸውን ቀስ አድርገው አጠፉና ፊቴ ተንበረከኩ። ክው ብዬ ወደኋላ ላፈገፍግ ስል፣ ኧረ እትዬ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም እንዴ፣ ለእኔ ይንበረከካሉ ስል፣ ሱሪዬን በሁለት እጃቸው ይዘው አስቀሩኝ።

«ዝም በል» አሉኝ። «አንተን አይደለም የምስመው። ልጄን ነው።»

ቀኙን ሳሙት፤ ግራውንም ሳሙት። እኔም እስኪጨርሱ ድረስ ጉልበቴን ሳላንቀሳቅስ ቆምኩላቸው።